ኢሳጉጂና መጽሐፈ ፈላስፋ፦ የማይተዋወቁ ወንድማማቾች



በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም መስጊድ ጥግ ተቀምጦ ኪታብ የሚቀራውን ደረሳም፣ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት ግዕዝ የሚማረውን ተማሪም እኩል የሚመለከት ነው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ዕውቀት ከእነርሱ በኋላ በመጡ ሕዝቦች እጅ ሲገባ ምን ሆነ? ማን ተቀበለው? ማን አስተላለፈው? ማንስ ከደጅ መለሰው? ይህን የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ መሰጠት ከጀመረ ቆይቷል፤ ከ2009 ወዲህም በኦክስፎርድ የሚታተም የራሱ መጽሔት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ጽሑፎችን ለድኅረ ምረቃ የሚያጠኑ ወጣቶች በግዕዝ የተጻፈ የሶቅራጥስን ወይም የእስክንድርን ነገር ባነሡ ቁጥር እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ይገባሉ።

የእኔ ሂስ አንድ ነው። በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ከግሪክ ተነሥቶ ግዕዝ ላይ ያርፋል። መሐል ላይ ያለው ዐረብኛ «ከዐረብኛ የተተረጎመ ነው» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ዐረብኛውን እናውቃለን የምንለው እኛ ደግሞ በእጃችን የያዝነው ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ ሂሱ ለሁለት ወገን የተከፈለ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰው ድርሻ ከሌላው አያንስም።

መቀበል ማለት ምን ማለት ነው?

ይህን ጥናት ያስፋፉት ምሁራን የሚጠይቁት «አፍላጦን ምን አለ?» ብለው አይደለም። የሚጠይቁት «ሰዎች የአፍላጦንን ነገር ምን አደረጉት?» ብለው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንግዳ የመጣበት ሰው እግሩን ያጥባል፣ ከራሱ ማዕድ ያቀርባል፣ ሲበርደውም የራሱን ጋቢ ያለብሰዋል። ማለዳ ሲታይ እንግዳው የቤቱን ሰው ይመስላል። አንዳንዱ እንግዳ ደግሞ ከደጅ ይመለሳል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ልብሱን ይለውጣል፣ ስሙን ይለውጣል፣ አንዳንዴም የተወለደበትን ቤት ጨርሶ ይረሳል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሙበሺር ኢብን ፋቲክ የተባለ በግብፅ የኖረ ሊቅ በ11ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ «ሙኽታሩል ሒከም» የተባለ የጠቢባን አባባሎች ስብስብ በዐረብኛ አዘጋጀ። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦንና አሪስጣጣሊስ በመጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ሉቅማን አል-ሐኪምም ከእነርሱ ጋር የራሱ ምዕራፍ አለው። መጽሐፉ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ስፓንኛ፣ ከዚያም ወደ ላቲን፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ዊልያም ካክስተን በ1477 በእንግሊዝ አገር ያተመው፣ በዚያች አገር የታተመበት ቀን ተጽፎበት ከወጣው ሁሉ የመጀመሪያ የሆነው መጽሐፍ ይኸው ነው። እንግሊዝ የማተሚያ መኪናዋን ስታሟሽ ያተመችው በዐረብኛ እጅ ያለፈ የግሪክ ጥበብ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አባ ሚካኤል የተባሉ መነኩሴ የዚህኑ መሰል መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ይህም «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የሚባለው ነው። ሥሩ በባግዳድ ይኖር ከነበረው ከታላቁ ተርጓሚ ከሑነይን ኢብን ኢስሓቅ (በ873 ከሞተው) የፈላስፎች አባባል ስብስብ ጋር የተዛመደ ነው። መነኩሴውና የእንግሊዙ አታሚ አይተዋወቁም። ሁለቱም የጠጡት ግን ከአንድ ምንጭ ነው።

የኢትዮጵያ ሁለት በሮች

ግሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት የመጀመሪያው በር አክሱም ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት አካባቢ የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መምሪያ ዞስካሊስ የተባለውን የአካባቢው ንጉሥ የግሪክ ጽሕፈት ዐዋቂ ይለዋል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ምዕተ ዓመት ድሉን በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግዕዙ ጎን ግሪክኛውን አኑሯል፤ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብም ለረጅም ዘመን በግሪክ ፊደል ተቀርጿል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች በ615 ግድም ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ የደረሱት ከግሪክ ዓለም ጋር ብዙ ዘመን ወደ ቆየ ምድር ነበር። ስለ እንስሳት ጠባይ የሚተርከው «ፊሳልጎስ» ከግሪክ ወደ ግዕዝ በቀጥታ የተተረጎመው በዚሁ በር ነው።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ስፋቱም ከመጀመሪያው ያይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር፤ የግብፅ ክርስቲያኖች ደግሞ በጊዜ ብዛት መነጋገሪያቸውንም መጻፊያቸውንም ዐረብኛ አደረጉ። ስለዚህ ከ13ኛውና ከ14ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ለግዕዝ ተርጓሚ የሚቀርብለት መጽሐፍ በአብዛኛው የዐረብኛ ሆነ።

በዚህ በር የገባውን ተመልከቱ። አገሪቱ እስከ ቅርብ ዘመን የተዳኘችበት «ፍትሐ ነገሥት» በ13ኛው ምዕተ ዓመት አስ-ሷፊ ኢብን አል-ዐሳል የተባለ ግብፃዊ ክርስቲያን በዐረብኛ ያሰናዳው ነው። በውስጡ የሮማውያን ሕግ አለ፤ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከእስላማዊ የፊቅህ ኪታብ የተወሰደም አለበት። አንድ የወሎ ባላገር በርስት ተካሶ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ ሳያውቀው የሮም፣ የካይሮና የአክሱም ዕውቀት አንድ ላይ ሆኖ ይዳኘው ነበር ማለት ነው። ደብተራው ዘመን የሚቆጥርበት «አቡሻኽር» ስሙ ራሱ የደራሲው የዐረብኛ ስም ነው። የእስክንድር ታሪክም፣ ዝም ባዩ ፈላስፋ ስክንድስም የገቡት በዐረብኛ በኩል ነው። በስክንድስ የግሪኩ ጽሑፍ ጥያቄዎቹ 20 ሲሆኑ፣ በዐረብኛውና በግዕዙ እጅግ በዝተዋል፤ ተቀባዩ ዝም ብሎ አልተቀበለም፣ ጠያቂ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለሙስሊሞች ሊደንቀን የሚገባው የኒቅዩስ ዮሐንስ ታሪክ ነው። ዮሐንስ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የነበረ የግብፅ ጳጳስ ነው። መጽሐፉ ከአዳም ተነሥቶ የግሪክና የሮም ነገሥታትን ያልፍና ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ግብፅን ሲከፍቱ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል። ከእርሱ የተገለበጠው ዐረብኛም ጠፍቷል። የቀረው በ1602 ገብርኤል የተባለ ግብፃዊ ወደ ግዕዝ የመለሰው ብቻ ነው። የግብፅን መከፈት የሚያጠና የታሪክ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ለዘመኑ እጅግ የቀረበውን ምስክር ለማግኘት ወደ ግዕዝ መሄድ አለበት። ይህን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

ስለ ፕሮፌሰር ሰምነር ሥራ

እነዚህን የግዕዝ መጻሕፍት ለዓለም አንባቢ ካስተዋወቁት መካከል በ2012 ያረፉት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ግንባር ቀደም ናቸው። በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ለአሥርት ዓመታት በዩኒቨርሲቲው ፍልስፍና አስተምረዋል። «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት ሥራ አምስት ቅጽ ያለው ሲሆን፣ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን የያዘው የመጀመሪያው በ1974 ታትሟል። የእርሳቸው ትልቁ ሐሳብ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ቃል በቃል አይተረጉምም የሚል ነው። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ከአገሩ ልማድ ጋር ያስማማል፤ ስለዚህ ትርጉሙ ራሱ የአገሩ ሥራ ይሆናል ይላሉ። ይህ ሐሳብ ትክክል ነው። በእርሳቸው ጊዜ «ኢትዮጵያ የሰው መጽሐፍ ከመገልበጥ በቀር ምን አላት?» ለሚለው ንቀትም ጥሩ መልስ ነበር።

ሆኖም ሐሳቡን እስከ ጫፉ ብንወስደው ምን እናገኛለን? በአምስቱ ቅጾች ውስጥ ከሌላ ቋንቋ የተመለሱት ሦስት መጻሕፍት ፊሳልጎስ፣ መጽሐፈ ፈላስፋና ስክንድስ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ የመጡት በዐረብኛ ነው። ፕሮፌሰሩ ይህን አልሸሸጉም፤ ደጋግመው ተናግረውታል። ግን የግዕዙ ተርጓሚ ጨመረ፣ ቀነሰ የምንለው ከምን ጋር አስተያይተን ነው? ከግሪኩ ጋር ከሆነ፣ ባግዳድ ላይ የተለወጠውን ሁሉ ለአባ ሚካኤል እንሰጣለን። ከዐረብኛው ጋር ካልተስተያየ በስተቀር የኢትዮጵያዊው እጅ የቱ ጋ እንደሆነ አይታወቅም። ኢትዮጵያዊነቱን ለማሳየት የተነሣ ሰው ያለ ዐረብኛ ኢትዮጵያዊነቱን ሊለካ አይችልም፤ መለኪያው እዚያ ነውና።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በእነዚያ ቅጾች ዐረብኛ ከውጭ የመጣ ምንጭ ሆኖ ይታያል። በአገር ውስጥ፣ በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማ፣ ዐረብኛ ራሱ የኢትዮጵያውያን የትምህርት ቋንቋ መሆኑ ቦታ አላገኘም። ፕሮፌሰሩ በኋላ የኦሮሞን ሥነ ቃል ሰብስበው በሦስት ቅጽ ማሳተማቸው የሐሳባቸውን ስፋት ያሳያል። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች መድረሳ ግን በዚያ ሰፊ ሐሳብ ውስጥም ከደጅ ቀረ። ይህን ስል አንድ ሰው ሁሉን መሥራት ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የተከፈተውን መንገድ ተከትለው መዝለሉንም አብረው መውረሳቸው ነው የሚያሳዝነው።

አንድ ትንሽ ማስረጃ ላቅርብ። እኔ በጉርድ ሾላ ሰፈር ልጆችን ቁርኣንና ነሕው አቀራለሁ። በዚሁ ሰፈር የሚኖር፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገና ስድስት ኪሎ ለሁለተኛ ዲግሪው ግዕዝ የሚያጠና ወጣት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። በስልኩ የያዘው ዐብዱረሕማን በደዊ በ1985 በኩዌት ያሳተሙትን የሑነይንን ስብስብ ነበር። «ኡስታዝ፣ ይህን ቢያነቡልኝ፤ እኔ ግዕዙን እይዛለሁ» አለኝ። ሁለት ምሽት ተቀመጥን። እርሱ የግዕዙን ርእስ ሲያነብ «ፈላስፋ ጠቢባን» ከሚለው ላይ ቆምኩ። ዛሬ በአማርኛ «ፈላስፋ» ስንል አንድ ሰው ማለታችን ነው። በዐረብኛ ግን አንዱ «ፈይለሱፍ» ሲሆን ብዙዎቹ «ፈላሲፋ» ናቸው። በግዕዙ ርእስ «ጠቢባን» የሚለው ብዙ ቁጥር መሆኑ «ፈላስፋ»ም እዚያ ላይ ብዙ እንደሆነ ይመሰክራል። ይህ ቃል ከግሪክ ቢነሣም ወደ እኛ የደረሰው የዐረብኛ የብዙ ቁጥር ልብስ ለብሶ ነው። አፍላጦንም በ«ጰ» ወይም በ«ፐ» ያልጀመረው ዐረብኛ ያ ድምፅ ስለሌለው ነው። «ፊሳልጎስ»ን ደግሞ ተመልከቱት፤ በቀጥታ ከግሪክ ስለመጣ የግሪኩን «ጎስ» ጅራቱን ይዞ ቀርቷል። ልጁም «ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አላስተዋልሁትም?» አለኝ። መልሱ ቀላል ነው፤ ግዕዝ ዐዋቂና ዐረብኛ ዐዋቂ አንድ ምንጣፍ ላይ ስለማይቀመጡ ነው። ከጉርድ ሾላ ስድስት ኪሎ በመገናኛ በኩል ሩቅ አይደለም። በዕውቀት በኩል ግን ብዙ ዘመን ሩቅ ሆኖ ኖሯል።

በደረሳው እጅ ያለው ግሪክ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። መንጢቅ የቀራ ደረሳ ሁሉ «ኢሳጉጂ»ን ያውቃል። አሲሩዲን አል-አብሀሪ በ13ኛው ምዕተ ዓመት የጻፉት አጭር የመንጢቅ መትን ነው። እኔም በልጅነቴ ወሎ ስቀራ በቃሌ ይዤዋለሁ። አምስቱን ነገሮች፣ ማለትም ጂንስን፣ ነውዕን፣ ፈስልን፣ ኻሷንና ዐረዱል ዓምን፣ እንደ ዳዊት ነበር የምንደግማቸው። ሰው «ሐይዋን ናጢቅ» ነው፣ የሚናገርና የሚያስብ ሕያው ነው እያልን በዛፍ ጥላ ሥር እንከራከር ነበር።

እነዚያ አምስት ነገሮች ከየት መጡ? በ3ኛው ምዕተ ዓመት በጢሮስ የተወለደ ፖርፊሪ የተባለ ፈላስፋ፣ ዐረቦች ፉርፉርዩስ የሚሉት፣ የአሪስጣጣሊስን መጻሕፍት ለሚጀምር ተማሪ መግቢያ እንዲሆን አንድ ትንሽ መጽሐፍ በግሪክ ጻፈ። ስሙንም «ኢሳጎጌ» አለው፤ «መግቢያ» ማለት ነው። አምስቱ ነገሮች የእርሱ ናቸው። «ጂንስ» የምንለው ቃል ራሱ የግሪኩ «ጌኖስ» ነው። የአል-አብሀሪ ኪታብ ስሙንም፣ አምስቱንም ከዚያ ወርሷል።

የሚገርመው በኪታቡ ሸርሕና ሓሺያ ላይ የተጻፈው ነው። አንዳንዶቹ ኢሳጉጂ የዩናን ቃል መሆኑን ብቻ ይናገራሉ። አንዳንዶቹ የአንድ ሐኪም ስም ነው ይላሉ። ባለ አምስት ቅጠል አበባ ስም ነው የሚሉም አሉ፤ አምስቱ ነገሮች በአምስቱ ቅጠሎች ተመስለው ነው። እንግዳው ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ የመጣበት አገር ተረስቶ በአበባ ተመሰለ ማለት ነው። ይህ መርሳት ራሱ ለጥናቱ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ነገር የራስ ከሆነ ወዲያ «ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርምና።

እንግዲህ ነገሩን አስተያዩት። በአንድ አገር፣ በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ተማሪ በግዕዝ የአሪስጣጣሊስን ምክር ያነብባል፤ ሌላው በዐረብኛ የአሪስጣጣሊስን መለኪያ ይሸመድዳል። ሁለቱም መጻሕፍት ያለፉት በዐባሲዮች ዘመን በተካሄደው የትርጉም ሥራ በኩል ነው። ሁለቱም ልጆች ግን ወንድማማች መሆናቸውን አያውቁም። አባ ሚካኤል መጽሐፋቸውን ከዐረብኛ የመለሱት የኢማም አሕመድ ጦርነት በ1529 ከመፋፋሙ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ስለዚያ ዘመን ሲወራ የምንሰማው ሰይፉን ብቻ ነው። በዚያው ዘመን ዐረብኛ መጽሐፍ በገዳም ውስጥ በክብር ይተረጎም እንደነበር የሚነግረን የለም።

መመለስም መቀበል ነው

አንዳንድ ወንድሞች «መንጢቅ የካፊሮች ዕውቀት ነው፤ ምን አገባን?» ይላሉ። ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ኢብኑ ሶላሕ (በ1245 ያረፉት) መንጢቅን የሚከለክል ፈትዋ ሰጥተዋል። ኢብን ተይሚያ (በ1328 ያረፉት) የመንጢቅ ሰዎችን የሚሞግት ሰፊ ኪታብ ጽፈዋል። ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 ያረፉት) በአንጻሩ በ«አል-ሙስተስፋ» መንጢቅን ያላወቀ ሰው በዕውቀቱ ላይ ሙሉ እምነት አይጣልበትም እስከ ማለት ሄደዋል፤ እኚሁ ኢማም ግን ፈላስፎቹን በ«ተሃፉቱል ፈላሲፋ» ክፉኛ የሞገቱ ናቸው። ሚዛኑን ተቀብለው ሸቀጡን መለሱት ማለት ይቻላል። አልጄሪያዊው አል-አኽደሪ በ1534 ግድም ባቀረቡት የ«ሱለም» ግጥም ሦስቱን አቋሞች አስቀምጠው፣ ቁርኣንና ሱና ለጠነቀቀ አእምሮው ለበሰለ ሰው የተፈቀደ ነው የሚለውን መርጠዋል።

ከዚህ የምንማረው ዑለማኦቻችን ያገኙትን ሁሉ የሚውጡ፣ ወይም ያላወቁትን ሁሉ የሚገፉ እንዳልነበሩ ነው። ኢብን ተይሚያ የተቃወሙትን መጽሐፍ አንብበው ጨርሰው ነው የተቃወሙት። ሳያነቡ መቃወም የእኛ ዘመን ስንፍና ነው።

የእስክንድርም ነገር እንዲሁ ነው። በሱረቱል ከህፍ የተወሳው ዙልቀርነይን ማን ነው በሚለው ላይ ሙፈሲሮች ተለያይተዋል። ፈኽሩዲን አር-ራዚ መቄዶናዊው እስክንድር ነው ወደሚለው ሲያዘነብሉ፣ ኢብን ከሲር (በ1373 ያረፉት) መቄዶናዊው ጣዖት አምላኪ ስለነበር ሌላ ሰው ነው ብለው አጥብቀው ለይተዋል። በግዕዙ ታሪክ ደግሞ እስክንድር እንደ ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ ይታያል። ከሞተ በኋላ በታተመ የግሪክ ገንዘብ ላይ መልኩ የበግ ቀንድ አብቅሎ ተቀርጿል፤ ያም የግብፁ ጣዖት የአሞን ቀንድ ነበር። አንድ ሰው፣ ሦስት ልብስ። እዚህ ላይ የኢብን ከሲርን ጥንቃቄ የዛሬ ተመራማሪ ሊያደንቀው ይገባል፤ የታሪኩን ሰውና የተረቱን ሰው ለይቶ ማየት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት መጀመሪያ ነውና።

ጉራና ቸልታ

የእኛን ጥፋት በሁለት ቃል ማሰር ይቻላል። አንደኛው ጉራ ነው። «አውሮፓን ያስተማርናት እኛ ነን» የሚል ንግግር በየመድረኩ እንሰማለን። ንግግሩ እውነት አለው፤ የካክስተን መጽሐፍም ምስክር ነው። ሲበዛ ግን ውሸት ይሆናል። ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ ንስጥሮሳዊ ክርስቲያን ነበር። ሳቢት ኢብን ቁራ ከሐራን ሳቢአዎች ወገን ነበር። ኸሊፋዎቹና ባለጸጎቹ ገንዘባቸውን አፈሰሱ፣ ሊቃውንቱም ሃይማኖታቸው ሳይጠየቅ ሠሩ። ታላቅነቱ እዚህ ላይ ነው። ያን ታላቅነት ለራሳችን ብቻ ስናደርገው እናሳንሰዋለን። ሑነይን የጃሊኖስን መጻሕፍት ትርጉም ሲዘረዝር 129 ያህል ርእሶችን አስፍሯል፤ አንዱን መጽሐፍ ፍለጋ በዒራቅ፣ በሻም፣ በፍልስጤምና በግብፅ ዞሮ ደማስቆ ላይ ግማሹን ያህል ብቻ ማግኘቱንም ጽፏል። የሚያኮራን ይህ ድካም ነው፤ ለመኩራት ደግሞ ጥቂቱን እንኳ መድገም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቸልታ ነው። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ለማንሣት በተደረገው ዘመቻ ከ9,000 በላይ የሚሆኑ፣ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን የሆኑ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ዛሬ ዋናው ብራና ቢጠፋ ምስሉ አለ። የእኛ ኪታቦችስ? በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያሉት የዐረብኛ ብራናዎች ዝርዝር በአሌሳንድሮ ጎሪ ዋና አዘጋጅነት በ2014 ታትሟል፤ በሐረርም የሸሪፍ ሙዚየም ብዙ ሰብስቦ ያኖረ ነው። በየገጠሩ ሐድራና በየሼኹ ቤት ያለው ግን ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያወርደዋል፣ ወራሹ ሳያውቀው ለእንግዳ ይሸጠዋል። በሓሺያው ጠርዝ የአገራችን ዑለማእ የጻፉትን ማስታወሻ የሚያነብ ሰውም እያነሰ ነው። መንጢቅን ኢትዮጵያውያን ሼኾች እንዴት እንዳስተማሩ፣ በምን ምሳሌ እንዳስረዱ የሚመሰክረው ያ የጠርዝ ጽሑፍ ነው። እርሱ ከጠፋ፣ ሰምነር ለግዕዝ ተርጓሚዎች የጠየቁትን ጥያቄ ለእኛ ሼኾች የሚጠይቅ ቢመጣ እንኳ መልስ የሚሰጠው አያገኝም።

ምን ይደረግ?

የግዕዝ ትርጉም ሥራዎችን ለድኅረ ምረቃ የሚያጠና ተማሪ ዐረብኛ እንዲማር ይገደድ። ይህ ለሙስሊሞች የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ የሙያው ግዴታ ነው። የላቲንን ትርጉም የሚያጠና ሰው ግሪክ አላውቅም ቢል ማን ይሰማዋል? መምህራኑም የግዕዙን ጽሑፍ ከግሪኩ ጋር ብቻ አስተያይቶ «ኢትዮጵያዊው ይህን ጨመረ» የሚል ድርሳን ሲቀርብላቸው፣ «የዐረብኛውን አይተሃል?» ብለው ይጠይቁ።

መድረሳዎቻችን በበኩላቸው ኢሳጉጂን ሲያቀሩ ስለ ፉርፉርዩስ፣ ስለ ሑነይን፣ ስለ አል-አብሀሪ አንድ ሰዓት ቢሰጡ ደረሳው በእጁ የያዘውን ያውቃል። መንጢቅን ለሚቃወም መምህርም ይህ ይጠቅመዋል፤ የሚቃወመውን ነገር ዘር ማወቅ አለበትና። ከመድረሳ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን ሕግ፣ ሒሳብና ሕክምና ማጥናታቸው መልካም ነው። ከመቶ አንዱ እንኳ ወደ ጥንታዊ ጽሑፍ ጥናት ቢሄድ ግን ሌላው በብዙ ዓመት የሚማረውን ዐረብኛ እርሱ ይዞት ይገባል። ግዕዝ ለመማርም አይፈር። ከላይ እንዳልኩት የግብፅ መከፈት ታሪክ በግዕዝ ተቀምጦለታል።

ብራናውን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ከ1973ቱ ካሜራ አይተናነስም። በክረምት ዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ወጣት የአያቱን ኪታብ በባለቤቱ ፈቃድ ገጽ በገጽ አንሥቶ፣ የማን እንደሆነና የት እንደተገኘ ጽፎ ቢያስቀምጥ ብዙ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ኪታቡ ግን ከቤቱ አይውጣ።

የግሪክ ጥበብ በዐረብኛ በኩል ወደዚህ አገር ሲገባ በአንድ በር ገብቶ ወደ ሁለት ክፍል ተለያይቶ ተቀመጠ። ወደ ገዳም የገባው ክርስቲያን ሆነ፤ ወደ መድረሳ የገባው ሙስሊም ሆነ። ሁለቱም ክፍል የየራሱን እንግዳ በክብር አኖረ። የዛሬ ተማሪ ሥራ እንግዳውን ካደረበት አውጥቶ ወደ አቴና መመለስ አይደለም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን በር ማንኳኳት ነው።

ወላሁ አዕለም።